የስልኩ ሌላኛው ጫፍ

ዛሬ የምንነጋገረው በስልክ ስለሚሠራ ፉገራ ነው። መነሻችን ደግሞ በ1995 በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች የታየው «ዘ ጀርኪ ቦይዝ» የተሰኘ አስቂኝ ፊልም ነው። በዚህ ዝግጅት የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልን። ፊልሙ የተመሠረተው በስልክ ፉገራ ስማቸው በገነነ ሁለት የኒውዮርክ ሰዎች ሥራ ላይ ነው፤ ዋናዎቹ ተዋንያን ሆነው የሠሩትም እነዚያው ሰዎች ናቸው። ከፊልሙ በፊት ያወጡት የድምፅ ቅጂ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጦላቸዋል። ፊልሙ ግን በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ያስገባው ከ8 ሚሊዮን ዶላር በታች ነበር፤ ሐያስያንም ፊታቸውን አዞሩበት። ሰዎቹ እነዚያው ናቸው፣ ድምፁም ያው ነው፣ ቀልዱም ያው ነው። በጆሮ ሲሰማ ሰውን በሳቅ ያፈነዳ ነገር በዓይን ሲታይ ስለ ምን ቀዘቀዘ? የእኔ መልስ እንዲህ ነው፤ በስልክ ፉገራ ውስጥ ሳቁን የሚፈጥረው ደዋዩ ብቻ አይደለም፤ ከእሱ ይልቅ ስልኩን ያነሳው ሰው ነው። ፊልሙ ያንን ሰው አስወጣና በቦታው ተዋናይ አስገባ። ይህን በሚገባ ከተረዳን ፊልሙ ለምን እንደወደቀ ብቻ ሳይሆን፣ በስልክ የሚቀልድ ሰው ስልኩን ላነሳለት ሰው ምን ዕዳ እንዳለበትም እንረዳለን።

ነገሩ አዲስ አይደለም። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል የስልክን የፈጠራ መብት ያስመዘገበው በ1876 ነው። ከዚያ ስምንት ዓመት ቆይቶ፣ በ1884፣ አንድ የኤሌክትሪክ ሙያ መጽሔት በሮድ አይላንድ ግዛት በፕሮቪደንስ ከተማ የሆነውን ነገር ዘገበ። ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ለቀብር አስፈጻሚዎች እየደወለ፣ እገሌ ሞቷልና የሬሳ ሣጥንና መቅረዝ ይዛችሁ ድረሱ እያለ ያዛቸው ነበር። ሞቱ የተባሉት ሰዎች ግን አልሞቱም። እንግዲህ ስልክ ገና ከጥቂት ሀብታሞችና ነጋዴዎች እጅ ሳይወጣ ፉገራውም አብሮት ተወልዷል ማለት ነው። ለምን ቢባል፣ ምክንያቱ ያለው በራሱ በመሣሪያው አሠራር ውስጥ ነው። መደበኛው የስልክ መስመር ከሰው ድምፅ የሚያሳልፈው በግምት ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ክልል ብቻ ነው። ይህ ክልል ቃላቱን ለይቶ ለመስማት ይበቃል፤ የድምፁን ሙሉ ቀለም ግን አያደርስም። በዚያ ላይ ፊት አይታይም፤ ልብስ፣ ዕድሜ፣ የእጅ እንቅስቃሴ፣ የዓይን አስተያየት የለም። የጎደለውን የሚሞላው ሰሚው ነው። ደዋዩ «ሥራ ፈልጌ ነው» ካለ፣ ሰሚው ሥራ ፈላጊውን በልቡ ይስለዋል፤ «ሐኪም ነኝ» ካለም ሐኪሙን ያየዋል። የሱቅ፣ የጋራዥ ወይም የሆስፒታል ስልክ ሲጮኽ ደግሞ ማንሳት የሥራ ግዴታ ነው። የደዋዩን ቁጥር የሚያሳየው አገልግሎት በአሜሪካ መስፋፋት የጀመረው በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ስልክ የሚያነሳ ሰው ሁሉ ማንነቱን ለማያውቀው ሰው በሩን በቅን ልብ ይከፍት ነበር። ፉገራው የሚኖረው በዚህ ቅንነት ላይ ነው።

ጆኒ ብሬናንና ካማል አሕመድ የኒውዮርክ ከተማ አካል በሆነችው በኩዊንስ ያደጉ ጓደኛሞች ናቸው። ለሽያጭ ሳይሆን ለራሳቸውና ለወዳጆቻቸው መሳቂያ እያሉ የስልክ ፉገራቸውን በካሴት ይቀዱ ነበር። ካሴቱ ከካሴት እየተገለበጠ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ፣ ሠሪዎቹን ጨርሶ የማያውቁ ሰዎች ዘንድ ደረሰ። ታዋቂው የሬዲዮ አቅራቢ ሃዋርድ ስተርን ሲያሰማው ደግሞ ዝናው ገነነ። የመጀመሪያው ይፋዊ አልበማቸው በ1993 ወጣ፤ ሁለተኛው በ1994 ተከተለ። ብሬናን በተለይ ድምፁን እየለዋወጠ ሙሉ ሰዎችን የመፍጠር ተሰጥኦ አለው። ፍራንክ ሪዞ የሚባለው ገጸ ባሕርይ ቁጡ፣ አፉ የማይዘጋና ሰው ላይ የሚጮኽ ነው፤ ሶል ሮዘንበርግ የተባለው ደግሞ በአፍንጫው የሚናገር፣ ነገር ሁሉ የሚያስፈራው፣ ሕመም የማያጣው ሰው ነው። ብሬናን ይህንኑ የድምፅ ችሎታውን ኋላ ላይ «ፋሚሊ ጋይ» በተባለው የአኒሜሽን ተከታታይ ፊልም ላይ ሞርት ጎልድማን የሚባለውን ባለ መድኃኒት ቤት ሲተውን ተጠቅሞበታል።

እነዚህን ቅጂዎች በጥሞና ያዳመጠ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። የደዋዩ ንግግር ለብቻው ቢነጠል ያን ያህል አያስቅም። ስድብ ነው፣ ዛቻ ነው፣ ትርጉም የሌለው ልፍለፋ ነው። ነገሩ ሕይወት የሚዘራው በዚያኛው ጫፍ ያለው ሰው መልስ መስጠት ሲጀምር ነው። አንዱ ጨዋነቱን ላለመልቀቅ ይታገላል፤ ሌላው ግራ ይጋባና ዝም ይላል፤ ሌላው ደግሞ ከሪዞ ብሶ ይጮኻል። ሶል ሕመሙን ሲዘረዝርለት በርኅራኄ የሚያዳምጥም አለ። በዚያ ዝምታ ውስጥ የካሴቱ አድማጭ «አሁን ምን ይል ይሆን?» ብሎ ትንፋሹን ይይዛል። ይህን ዝምታ ማንም አልጻፈውም፣ ማንም አላለማመደውም። የሰውን ትዕግሥት፣ ኩራት፣ ሥራውን ላለማጣት ያለውን ጥንቃቄ የምንሰማው ያለ ማስመሰል ነው፤ አድማጩን የሚይዘውም ይኸው እውነትነቱ ነው።

ከእነሱ በፊት የነበረው ሌላ ካሴት ይህን ይበልጥ ያስረዳል። በ1970ዎቹ አጋማሽ በኒው ጀርሲ ግዛት በጀርሲ ሲቲ ከተማ «ቲዩብ ባር» የሚባል መጠጥ ቤት ነበር። ባለቤቱ በቅጽል ስሙ ሬድ የሚባል፣ ቀድሞ ቦክሰኛ የነበረ ሰው ነው። ሁለት ወጣቶች ለዚህ ሰው እየደወሉ የሌለ ደንበኛ እንዲጠራላቸው ይጠይቁታል፤ ስሙ ሲነበብ ምንም አይመስልም፣ ጮክ ተብሎ ሲጠራ ግን ሌላ ትርጉም ይሰጣል። ሬድ በደንበኞቹ ፊት ስሙን ይጠራል፤ ሲገባው ደግሞ የቁጣ መዓት ያወርዳል። ይህ ካሴትም እንዲሁ እየተገለበጠ አገሩን አዳረሰ፤ «ሲምፕሰንስ» በተባለው የአኒሜሽን ተከታታይ ፊልም ላይ ትንሹ ባርት ለመጠጥ ቤቱ ባለቤት ለሞ እየደወለ የሚያበሳጭባቸው ትዕይንቶች የተወለዱት ከዚሁ ነው። ከዚህ ታሪክ ውስጥ ስሙ ቀርቶ የሚታወሰው ማን ነው? ሬድ ነው። ካሴቶቹ የሚታወቁት በእሱና በመጠጥ ቤቱ ስም ነው፤ ከደዋዮቹ ይልቅ መልስ ሰጪው የታሪኩ ባለቤት ሆኗል።

አሁን ወደ ፊልሙ እንመለስ። ዳይሬክተሩ ጄምስ ሜልኮኒያን ነው። ታሪኩ ሥራ የሌላቸው ሁለት የኩዊንስ ጓደኛሞችን ይከተላል። በስልክ ቀልድ ቀናቸውን ሲገፉ ከዕለታት አንድ ቀን ጆኒ ወደ ማፍያዎች ዘንድ ይደውላል፤ የቺካጎው አለቃ ፍራንክ ሪዞ ነኝ፣ ሁለት ሰዎቼን እየላክሁ ነውና በክብር ተቀበሉልኝ ይላል። ማፍያዎቹ ያምናሉ። ሁለቱ ጓደኛሞች እንደ ትልቅ ሰው ይስተናገዳሉ፤ ኋላ ሲነቃባቸው ግን ማፍያውም ፖሊሱም ያሳድዳቸዋል። ሐሳቡ ብልህነት አለው፤ የድምፅ ውሸት በአካል ቢፈተን ምን ይሆናል ብሎ ይጠይቃልና። ችግሩ ግን ከመጀመሪያው ጥሪ ይጀምራል። ካሜራው ደዋዩን ያሳየናል፤ ቀጥሎ ስልኩን ያነሳውን ያሳየናል። ሁለቱም ተዋንያን ናቸው፣ ሁለቱም የሚናገሩት ተጽፎ የተሰጣቸውን ነው። ማፍያው ይታለላል፤ የሚታለለው ግን ጽሑፉ እንዲታለል ስላዘዘው ነው። «ምን ይል ይሆን?» የሚለው ጭንቀት ሄደ። ደዋዩ ስልክ ሊዘጋበት እንደሚችል፣ ሊሰደብ እንደሚችል፣ ከእሱ የበለጠ አንደበተ ርቱዕ ሰው ሊገጥመው እንደሚችል የነበረው አደጋም አብሮ ሄደ። ፍራንክ ሪዞም በጆሯችን ውስጥ ግዙፍና አስፈሪ የነበረው፣ በስክሪን ላይ ስልክ የያዘ አንድ ወጣት ሆኖ ቀረ። የሪዞን አካል ቀድሞ የሠራልን የራሳችን ሐሳብ ነበር፤ ምስሉ ያንን ነጠቀን።

እዚህ ላይ ተቃውሞ ይነሳል። ፊልሙ የወደቀው ድርሰቱ ደካማ ስለሆነ፣ ሁለቱ ሰዎችም ተዋንያን ስላልነበሩ ነው እንጂ ከስልኩ ማዶ ያለው ሰው በመቅረቱ አይደለም ሊባል ይችላል። ድርሰቱ ደካማ መሆኑን እቀበላለሁ። ነገር ግን የማፍያው አለቃ ሆኖ የተጫወተው አለን አርኪን ነው፤ በቲያትርም በፊልምም የተመሰከረለት፣ በኋላም «ሊትል ሚስ ሰንሻይን» በተባለው ፊልም የኦስካር ሽልማት ያገኘ ተዋናይ ነው። የተዋናይ ችሎታ ያንን ክፍተት መሙላት የሚችል ቢሆን ኖሮ አርኪን ይሞላው ነበር። ካሴቱ ላይ ያለው ስሙ እንኳ የማይታወቅ የጋራዥ ሠራተኛ ከአርኪን የሚበልጥበት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ቀልድ እየተሠራ መሆኑን አለማወቁ። ይህን ደግሞ ማንም ተዋናይ ሊተውነው አይችልም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። «ሲምፕሰንስ» ላይ ያለው የሞ ጥሪም እኮ የተጻፈ ነው፣ ሞ ሥዕል እንጂ ሰው አይደለም፣ ታዲያ እንዴት አሳቀ? ይህ ጥያቄ ሐሳቤን እንዳጠራው አስገድዶኛል። የ«ሲምፕሰንስ» ደራሲዎች ከካሴቱ የወሰዱት ትክክለኛውን ነገር ይመስለኛል። ባርት በጥሪው ውስጥ የሚናገረው አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሞ ግን ስሙን ይጠራል፣ ይደግማል፣ ይሳቅበታል፣ ይቆጣል፣ ይዝታል። ትዕይንቱ የሞ ነው። ፊልሙ ደግሞ ተገላቢጦሹን አደረገ፤ ደዋዮቹን ጀግና አድርጎ የሚያነሱትን ሰዎች አጃቢ አደረጋቸው። በዚያ ላይ የባርት ጥሪ የሚቆየው ከአንድ ደቂቃ ላነሰ ጊዜ ነው፤ ፊልም ግን ከአንድ ሰዓት በላይ መሸከም አለበት። በ2006 የወጣው «ቦራት» የተባለው ፊልምም ይህንኑ ከሌላ ወገን ያሳያል። ሳሻ ባሮን ኮኸን የካዛኪስታን ጋዜጠኛ መስሎ በአሜሪካ ሲዞር፣ ካሜራው ፊት ከቆሙት ሰዎች ብዙዎቹ ተዋንያን አልነበሩም፣ የሰውየውንም እውነተኛ ማንነት አያውቁም ነበር። ስለዚህ ሲኒማ ይህን ዓይነት ቀልድ መሸከም አይችልም ማለት አይቻልም። ያልጠረጠረውን ሰው ይዞ ከገባ ይችላል። ነገር ግን ከፊልሙ በኋላ በ«ቦራት» ውስጥ የታዩ በርካታ ሰዎች ተታለናል ብለው ፍርድ ቤት ሄደዋል። አሁን ወደ ዕዳው ደርሰናል።

ሳቁ የሚመጣው ካላወቀው ሰው ከሆነ፣ ያ ሰው ሳይጠየቅ ሥራ ሠርቷል ማለት ነው። ድምፁን፣ ቁጣውን፣ ግራ መጋባቱን ሰጥቷል፤ ገንዘቡንና ዝናውን ያገኘው ግን ሌላ ሰው ነው። «ዘ ጀርኪ ቦይዝ» ፊልም ይህ ነገር የተሰማው ይመስል፣ የሚታለለውን ሰው ከተራ ሠራተኛነት አውጥቶ የማፍያ አለቃ አደረገው። ኃይለኛን ማታለል ደካማን ከማታለል ይሻላል የሚለው ስሜት በሁላችንም ውስጥ አለ፤ እኔም እጋራዋለሁ። በ2003 በማያሚ ያለ አንድ የስፓኒሽኛ ሬዲዮ ጣቢያ አቅራቢዎች መጀመሪያ የኩባውን መሪ የፊደል ካስትሮን ድምፅ ተጠቅመው የቬንዙዌላውን ፕሬዚዳንት ሁጎ ቻቬዝን፣ ከወራት በኋላ ደግሞ የቻቬዝን ድምፅ ተጠቅመው ካስትሮን ራሱን በስልክ አታለዋል። ሁለቱ መሪዎች ሥልጣን፣ ጠባቂና የራሳቸው መገናኛ ብዙኃን የነበራቸው ሰዎች ነበሩ። ቢሆንም የአሜሪካ ፌዴራል የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ2004 ጣቢያውን 4,000 ዶላር ቀጣው። ደንቡ እንደሚለው አንድ የሬዲዮ ወይም የቴሌቪዥን ጣቢያ የስልክ ንግግርን በቀጥታ ከማስተላለፉ ወይም ለማስተላለፍ ከመቅዳቱ በፊት ለተጠሪው ማሳወቅ አለበት። ደንቡ የተጠሪውን ማዕረግ አይጠይቅም። ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ደዋዩ ኃይለኛ ሰው ጋ ለመድረስ ሲል በመሀል የሚያልፈው ስልክ በሚያነሱ ተራ ሠራተኞች በኩል ነውና።

ይህ ደግሞ በታኅሣሥ 2012 በመራራ መንገድ ታየ። የአውስትራሊያው «ቱ ዴይ ኤፍ ኤም» ሬዲዮ ሁለት አቅራቢዎች ንግሥት ኤልሳቤጥንና ልዑል ቻርልስን መስለው፣ የልዑል ዊልያም ባለቤት በእርግዝና ሕመም ተኝታበት ወደነበረው የለንደኑ ኪንግ ኤድዋርድ ሰባተኛ ሆስፒታል ደወሉ። ያነጣጠሩት በንጉሣውያን ቤተሰብ ላይ ነበር። ስልኩን ያነሳችው ግን አንዲት ነርስ ናት፤ ድምፁን አመነችና ወደ ክፍሉ አስተላለፈችው። እዚያ ያለችው ነርስ ስለ ታካሚዋ ሁኔታ ተናገረች። ጣቢያው ቅጂውን አስተላለፈ፤ ዓለምም ሳቀ። ከቀናት በኋላ ስልኩን ያነሳችው ነርስ ሕይወቷ አልፎ ተገኘች፤ አጣሪው ችሎትም በ2014 ራሷን ማጥፋቷን አረጋገጠ። ጣቢያው ከማስተላለፉ በፊት ሆስፒታሉን በስልክ ለማግኘት ደጋግሞ መሞከሩን ተናግሯል፤ ፈቃድ ግን አላገኘም። ጉዳዩ እስከ አውስትራሊያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በ2015 ፍርድ ቤቱ የአገሪቱ የመገናኛ ብዙኃን ተቆጣጣሪ ጣቢያው ሕግ መጣሱን ሊወስን ሥልጣን እንዳለው በየነ። አንድ የሰው ሕይወት የሚጠፋበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ሁሉን በአንድ ጥሪ ላይ መጫን አይገባም። ሆኖም ቀልዱ የተሠራው በማን ላይ እንደሆነ መለየት ይገባል። አቅራቢዎቹ ስለ ንግሥቲቱ እንደቀለዱ ያስቡ ነበር፤ ዓለም የሳቀው ግን ሥራዋን በቅንነት በሠራች ሴት ላይ ነው።

አንዳንድ የሙያው ሰዎች ፈቃድ መጠየቅ ቀልዱን ይገድለዋል ይላሉ። አስቀድሞ ከተነገረው ማን ይታለላል? በራሴ ሐሳብ መሠረትም ያ ሰው ካወቀ ሳቁ ይጠፋል። ይህ ጥያቄ እውነት አለው፤ መልሱን ግን ከሬዲዮ የተነሳ አንድ ዝግጅት ከብዙ ዓመት በፊት አግኝቶታል። አለን ፈንት በ1947 በአሜሪካ ሬዲዮ «ካንዲድ ማይክሮፎን» የሚል ዝግጅት ጀመረ፤ ማይክሮፎን ደብቆ ያልጠረጠሩ ሰዎችን ይቀዳ ነበር። በማግሥቱ ዓመት ወደ ቴሌቪዥን ተሻገረ፤ ኋላም ስሙ «ካንዲድ ካሜራ» ሆነ። የቴሌቪዥን ዝግጅቱን ለአሥርት ዓመታት ያቆየው ማታለሉ ብቻ አልነበረም። መጨረሻ ላይ ሰውየው ስለ ካሜራው ይነገረዋል፤ ፊቱ ከቁጣ ወይም ከድንጋጤ ወደ ሳቅ ሲለወጥ እናያለን፤ ምስሉ እንዲተላለፍ ፈቃዱን በፊርማ ይሰጣል። ቀልዱ ሲሠራ አያውቅም፤ ቀልዱ ለሕዝብ ሲደርስ ግን ያውቃል፣ እምቢ የማለትም ዕድል አለው። ዛሬ በአሜሪካ ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን የወጣው ደንብ ከዚህ የጠበቀ ነው፤ የስልክ ንግግር ከመቀዳቱ በፊት እንዲነገር ያዛልና። የፈንት መንገድ ቢያንስ ሁለቱ ነገሮች፣ ያልታቀደው ሳቅና የሰውየው ክብር፣ በአንድ ዝግጅት ውስጥ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ በተግባር አሳይቷል።

«ዘ ጀርኪ ቦይዝ» ፊልምም እንዲህ ያለ የመገለጥ ጊዜ ነበረው። ማፍያዎቹ መታለላቸውን የሚያውቁበት ሰዓት አለ፤ በታሪኩ ውስጥ ትልቁ አጋጣሚም እሱ ነው። በዚያ ሰዓት ፊልሙ በአርኪን ፊት ላይ ቢቆይ፣ ኃያሉ ሰው በአንድ ድምፅ መሸነፉን ሲረዳ፣ ሲያፍር፣ ምናልባትም ሊስቅ ሲዳዳው ቢያሳየን፣ ካሴቶቹ ያልነበራቸውን ነገር ይጨምርልን ነበር፤ በካሴቶቹ ላይ የምናውቃቸው ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ስልኩን የሚዘጉት ማን እንደደወለላቸው ሳያውቁ ነው። ፊልሙ ግን ያን ጊዜ ለሽሽትና ለማሳደድ አዋለው፤ ካሜራውም ከሚሮጡት ደዋዮች ጋር ሄደ።